አንድ አሥረኛ ፈረስ

«ፈረስ ያለው ሰው ሀብታም ነው» የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። እሱ ሰውዬ በዕድሜው ሙሉ ፈረስ ኖሮት አያውቅም! ባለፈረስን የምትለዩት በጫማው ነው። ፈረሱ በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ ጫማ ይመታለታል፤ ባለቤቱ ግን የካቻምናውን እየጎተተ ይሄዳል።

ይህን ማን ነገረህ ትሉኝ ይሆናል። ማንም! ከራሴ ነው። እኔ ፈረስ ነበረኝ። እርግጥ ሙሉውን አይደለም... አንድ አሥረኛውን። የትኛው አሥረኛ የእኔ እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ከከፈልኩት ተነስቼ ስገምት ግን ሆዱ ሳይሆን አይቀርም።

ለአዲስ አንባቢ ልንገር፤ ሰይድ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ኦስሎ ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። ሊንደበርግ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ዘሀራ፣ ኢኮኖሚክስ የምትማረው ልጃችን ሀያት። በምሠራበት ጋራዥ ደግሞ ኦድቫር የሚባል መካኒክ አለ። ስድሳን የተሻገረ፣ ረዥም፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ነው። ኦድቫር በቀን ሦስት ቃል ይናገራል። ሁለቱ «ያ» ናቸው፣ አዎ ማለት ነው፤ አንዱ «ናይ»፣ አይ ማለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል። እሱ በወረቀት የጠቀለለውን ዳቦ በቡናማ አይብ ይበላል፤ እኔ ዘሀራ የቋጠረችልኝን እበላለሁ፤ ሁለታችንም በመስኮቱ አውቶቡስ እናያለን። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስናይ ውለን ለምሳም አውቶቡስ! ግን ወላሂ፣ ደስ የሚል ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ኦድቫር ዳቦውን አስቀመጠና... ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«ሰይድ፣ አንድ ፈረስ ልንገዛ ነው። አንደል ትፈልጋለህ?»

አንደል ማለት ድርሻ ነው። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን የማውቀው የእንስሳ ድርሻ አንድ ብቻ ነበር፤ ቅርጫ! ሰፈርተኛው ያዋጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ መደብ በመደብ ይከፋፈላል፣ አለቀ። ስለዚህ በቅርጫ ደንብ መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅኩ።

«ስንት ሰው ነው?»

«አሥር።»

«ወፍራም ነው?»

«ወፍራም?... ናይ። ቁመናው ጥሩ ነው።»

«መቼ ነው የሚታረደው?»

ኦድቫር ይጠጣ የነበረው ቡና በአፍንጫው ወጣ።

«አይታረድም! ይሮጣል!» አለኝ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ።

ለካ የእሽቅድምድም ፈረስ ነው። ነጂው ከኋላው በሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ከሌሎች ፈረሶች ጋር ይሽቀዳደማል፤ ካሸነፈ ሽልማት አለው። ኦድቫር እንዲህ ያለ ፈረስ ከሰው ጋር እየተካፈለ ሲይዝ ሠላሳ ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስበላ አልነገረኝም! አልጠየቅሁትማ።

አሁን «እምቢ አትልም ነበር?» ትሉኛላችሁ። እዚህ አገር የኖራችሁ ግን ታውቁታላችሁ። ጎረቤትህን ሊፍት ውስጥ ካገኘኸው ስልኩን አውጥቶ ያልተላከለትን መልእክት ያነባል። እዚህ በኖርኩበት ዓመት ሁሉ «ደህና ዋል» እንጂ «ና» ያለኝ ሰው የለም። ዛሬ አንዱ «ና» ሲለኝ «ቆይ ሚስቴን ላማክር» ልበለው?

«ያ!» አልኩት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ማታ ለዘሀራ ነገርኳት።

«ምን ገዛህ?»

«ፈረስ።»

«የት ልታስረው? በረንዳው ላይ?»

«ኸረ ሙሉ ፈረስ አይደለም፣ አንድ አሥረኛ ነው።»

ይሄን ስትሰማ ትረጋጋለች ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰባት!

«ሰው መኪና ይገዛል። ሰው ሶፋ ይገዛል። ሌላው ቢቀር ሰው ሙሉ ነገር ይገዛል!»

ሀያት ከክፍሏ ብቅ አለች። «ፓፓ፣ አር ዱ ሴሪዮስ?» የምርህን ነው ወይ ማለቷ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆች ሲደነግጡ የአገሩ ቋንቋ፣ ኖርስኩ፣ ይቀድማቸዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኦድቫር በአሮጌ ቮልቮው ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጋጣ ወሰደኝ። ፈረሱን አየሁት። ጥቁር ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ዓይኑ እንደ ሙሽራ የሚቅለሰለስ ፍጡር! ስሙ ቶልሙድ ነው። ትዕግሥት እንደማለት ነው፤ በእኛ ሶብር በሉት። ካሮት ብሰጠው ካሮቱን ከነጓንቴ ሊወስደው ነበር። ሌሎቹ ባለድርሻዎችም ነበሩ። አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ አንዱ ነዳጅ ፍለጋ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ፣ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ... ብቻ ሁሉም ከቴርሞስ ቡና እየቀዱ ፈረሱን ከበውታል። እናንተዬ፣ «ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። የጠየቁኝ ሁሉ «ኮቴውን አየኸው?» ብለው ነው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ደስ ብሎኝ አራቱንም ኮቴ አየሁ።

ከዚያ የመጀመሪያው ሂሳብ መጣ።

መኖ አለ። የጋጣ ኪራይ አለ። የአሠልጣኝ አለ። የጫማ አለ፣ ያውም አራት ጫማ! የእንስሳት ሐኪም አለ። ለውድድር መመዝገቢያ አለ። እና በመጨረሻው መስመር ላይ... የጥርስ ሐኪም!

እዚህ አገር ልብህን ቢያምህ፣ ሆድህን ቢያምህ፣ መንግሥት አለልህ። ጥርስህን ከታመምክ ግን አንተና ኪስህ ብቻችሁን ናችሁ። የእኔ የቀኝ መንጋጋ ከተሰነጠቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ዋጋውን ፈርቼ በግራ ብቻ እያኘክሁ እኖራለሁ። ዘሀራ ሂሳቡን አንስታ አነበበችው።

«የምን የጥርስ ሐኪም ነው?»

«የፈረሱ ነው። ካልተሞረደለት አጃውን በደንብ አያኝክም አሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ አጃ አልበላም።»

ሂሳቡን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እሺ» አለች፤ «ይሄ ፈረስ ሲያወጣ አየሁት። የሚያስገባው መቼ ነው?»

«ሲያሸንፍ። ሽልማት አለው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ሽልማቱንስ ማነው የሚሰጠው?»

 ለካ አላውቅም! አንድ አሥረኛ ፈረስ ስገዛ የፈረሱ ሩጫ በማን ገንዘብ እንደሚካሄድ አልጠየቅሁም። ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሜዳው ዳር ሰዎች ወረቀት ይዘው ሲቆምሩ አይቻለሁ። ቁማር ደግሞ ለኛ ሐራም ነው።

እንዲህ ግራ ሲገባን የምንሄደው ሐጂ ሙሄ ጋ ነው። ሐጂ ሙሄ ፕሪንስዳል የሚኖሩ የወሎ አባት ናቸው። ድሮ ታክሲ ነድተዋል፣ አሁን ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ። ቤታቸው ገብቼ እጃቸውን ስሜ ተቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ፈረስ ማሽቀዳደም ሐራም ነው?»

«ፈረሱ ምን አደረገህ? ፈረስ ማሽቀዳደም ድሮም የነበረ ነው። ሐራሙ ቁማሩ ነው። ትቆምራለህ እንዴ?»

«ኸረ አስተግፊሩላህ!»

«ሽልማቱስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«እሱን... አላውቅም፣ ሐጂ።»

«እንዴት ያለህ ነጋዴ ነህ! ሂድ ጠይቀህ ና።»

እኔ ኢኮኖሚስት አለኝ አይደል? እቤት ገብቼ ሀያትን አስቀመጥኳት። ሁለት ቀን ኢንተርኔቱን ስታገላብጥ ቆየችና የተምር ሰሃን ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትምህርት ከፈተች።

«ፓፓ፣ ስማኝ። አሥር ሰው በፈረስ ቆመረ እንበል። እያንዳንዱ አንድ አንድ ተምር አስቀመጠ። ለምሳሌ ነው እሺ፣ ቁጥሩን እንዳትይዘው።» አሥር ተምር ደረደረች። «አብዛኛው አሸናፊውን በትክክል ለገመቱት ተመልሶ ይሰጣል።» ብዙውን ወደ አንድ ጥግ ገፋችው። «የቀረው ደግሞ...»

ዘሀራ እጇን ሰደደችና አንዱን ጎረሰችው።

«ማማ!»

«ይሄ የመንግሥት ነው» አለች ዘሀራ እያኘከች።

ሀያት ተገረመች። «ማማ፣ ሄልት ሪክቲግ! ልክ ነሽ፣ መንግሥትም ይወስዳል። ከዚያ የተረፈው ለሜዳው፣ ለዳኞቹ፣ ለመብራቱ፣ ለሠራተኛው ይሆናል። እና ይቺ የመጨረሻዋ...» አንዲት የተጨማደደች ተምር አነሳች። «ይቺ ለሚያሸንፉት ፈረሶች ሽልማት።»

«በአንድ ተምር ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ፈረስ የሚቀለበው?»

«ናይ! አይበቃማ። ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ፓፓ። ብዙው ፈረስ የሚበላውን ያህል አያሸንፍም። በሽልማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ ኢንዱስትሪ አንድ ዓመት አይቆምም ነበር። የጎደለውን በየወሩ የሚሞላ ሌላ ሰው አለ።»

«ማነው እሱ?»

ጣቷን ቀስራ ደረቴን ነካ አደረገችኝ። «አንተ።»

ዘሀራ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዞረች።

ሀያት በዚህ አልቆመችም። ድሮ ሰው ሊቆምር ሜዳው ድረስ ይመጣ ነበር፣ መግቢያ ይከፍላል፣ ፖልሰ የሚሉትን ቋሊማ በዳቦ ይበላል። አሁን ሁሉም ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ነው የሚቆምረው፤ ወንበሩ ባዶ ቀርቷል። ወጣት አይመጣም። የኦስሎው ሜዳ ደግሞ ያለው ኦከርን ከሚባለው ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ነው፤ ዙሪያውን ክሬን ቆሞ ብሎክ እየወጣ፣ ሱቅ እየተከፈተ ነው። «እዚያ ሜዳ ላይ ውዱ ፈረስ የቱ እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። «መሬቱ ነው!»

ለሐጂ ሙሄ ደውዬ ሁሉንም፣ ከነተምሩ፣ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ከቁማር የመጣ ከሆነ ሽልማቱን እንዳትነካ» አሉኝ።

«የምከፍለውስ?»

«ለእንስሳ ገለባና ጫማ መግዛት ምን ወንጀል አለው? እሱማ ሰደቃ ነው! ክፈል፣ ክፈል፣ አብሽር።»

ይኸውላችሁ እንግዲህ! ወጪው ሐላል፣ ገቢው ሐራም የሆነ ንግድ ውስጥ ገባሁ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ንግድ የያዘ ሌላ ሰው ካለ አድራሻዬን ስጡትና እንላቀስ።

ከዚያ ወዲያ ቶልሙድ በሮጠ ቁጥር ዘጠኙ ባለድርሻዎች እንዲያሸንፍ ይመኛሉ፣ እኔ እንዳያሸንፍ ዱዓ አደርጋለሁ። ዱዓ እንዲህ ሲሰማ አይታችሁ አታውቁም! ስምንት ፈረስ ሲወዳደር ስምንተኛ። አሥር ሲወዳደር አሥረኛ። ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ እኔ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ካሮት እሰጠዋለሁ።

«ሽንፈትን እንዲህ የሚቀበል ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ ኦድቫር አንድ ቀን። አክብሮት ነበረበት ንግግሩ። እኔም ካሮት መስጠቴን ቀጠልኩ።

እሱ ፈረስ ሲነሳ አፉ ይፈታል፤ በየሳምንቱ ስለ ፈረሱ ብዙ ነገር ያስረዳኝ ነበር። ጋሪው ላይ ስላለው ዘንግ፣ ስለ እርምጃው፣ ስለ ጋሎፕ... ግማሹ አይገባኝም። ባይገባኝም «ያ፣ ያ» እላለሁ። እናንተስ? በሰው አገር ቋንቋ ሳይገባችሁ «ያ» ብላችሁ አታውቁም? አትዋሹኝ!

የዚያች «ያ» ዕዳ በአንድ የመስከረም እሁድ ተከፈለ።

ያን ቀን ዘሀራ «የበላኝን ፈረስ ዓይኑን ልየው» ብላ ሜዳው ድረስ መጣች። ሀያትም ተከተለች። ዝናብ ያካፋል፤ ወንበሩ ላይ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌዎች ተበታትነው ተቀምጠዋል። የእኛ አሥር ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ዘሀራ ሻርፗን አጥብቃ፣ እጇን አጣምራ፣ እንደ ገቢዎች መርማሪ ቆመች።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» አለች። «እናያለን!»

ውድድሩ ተጀመረ። አሠልጣኟ ራሷ ጋሪው ላይ ሆና ትነዳለች። ቶልሙድ እንደ ልማዱ ከኋላ ሁለተኛ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ዱዓዬን እያደረግሁ ነው። በግማሹ ላይ ግን... ምን እንደነካው እንጃ፣ አንዱን አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሲደርስ ሦስተኛ ነበር፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ... ያረቢ! አንደኛ!

ኦድቫር አጥሩን ጨምድዶ ይዞታል።  እኔ ዱዓዬ ጠፋብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ሰዓት ሐራምም ሐላልም አልታየኝም። ያ የግንባሩ ነጭ ከሁሉም ፊት ሲመጣ ሳይ አጥሩን በሁለት እጄ መደብደብ ያዝኩ። አንድ አሥረኛው የኔ አይደል!

ከእኔ የባሰው ግን አጠገቤ ነበር። ዘሀራ ለአንድ ዓመት የፈረሱን ሂሳብ ስታነብ «ያጥፋው» ስትል የኖረች ሴት፣ አጥሩ ላይ ወጥታ በደሴ ልክ ለቀቀችው።

«እልልልልልልል! ሩጥ የኔ ጌታ! ሩጥልኝ የኔ አንበሳ! እልልልልል!»

እዚያ ሜዳ ላይ፣ ሜዳ ከሆነ ጀምሮ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ አልተሰማም። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን ያዙ። ቶልሙድ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። እና እናንተዬ... በረረ! እውነቴን ነው፣ በረረ! አራት እግሩን ሰብስቦ እየፈናጠረ፣ ጋሪውን እንደ ካርቶን እያንገጫገጨ፣ ሁሉንም ጥሎ መስመሩን አለፈ!

እኔና ዘሀራ ተቃቀፍን። ሀያት ትዘላለች። ዞር ብዬ ኦድቫርን አቀፍኩት። ምሰሶ ያቀፍኩ መሰለኝ፤ አይንቀሳቀስም።  አስተማሪዋ ዓይኗን በእጇ ሸፍናለች።

«ምነው?» አልኩ። «አሸነፍን እኮ!»

«ጋሎፕ» አለ ኦድቫር።

ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ተናገረ። ሀያት እጇን ከአየር ላይ አወረደች። «ፓፓ... ዲስክቫሊፊሴርት ነው። አባረሩት።»

«ለምን ብለው?» አለች ዘሀራ።

«ስለሮጠ» አለ ኦድቫር።

«ሩጫ አይደለም እንዴ?!»

ለካ ሩጫ አይደለም! ለካ ይሄ ውድድር የሶምሶማ ነው። ፈረሱ ፈጥኖ መርገጥ እንጂ መጋለብ፣ ማለትም ጋሎፕ፣ አይፈቀድለትም፤ ከጋለበ ይባረራል። ኦድቫር አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስረዳኝ የነበረው ይሄንኑ ነው፣ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ «ያ» ስለው ነበር። እንደ አውቶቡስ ነጂ አሰብኩት፤ ፈረሳችን ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድቶ መንጃ ፈቃዱን ተቀማ ማለት ነው። ያውም በእኛ እልልታ!

ዘሀራ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ኦድቫር ሄደች። ኖርስኳ ብዙ አይደለም፣ ግን ያለውን ሁሉ ሰበሰበችው። «ይቅርታ። እኔ ነኝ። እኔ ጮህኩ።»

ኦድቫር ቁልቁል አያት። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር! አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስበላ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አጥሩን ይዞ፣ ጉልበቱ እስኪታጠፍ ሳቀ።

«ሠላሳ ዓመት ፈረስ ይዣለሁ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ታሞብኝ ያውቃል። ወድቆብኝ ያውቃል። በሴት ደስታ የተባረረብኝ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።»

ሐጂ ሙሄ ሲሰሙ «አላህ ከሐራም አወጣህ፣ ያውም በጋሎፕ!» ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን፣ እዚሁ በመካከላችን ይቅር እንጂ፣ ትንሽ ከፋኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቁልቁለት ያዘ። የነዳጅ ዋጋ ወረደ የተባለበት ሰሞን ነበርና መሐንዲሱ ከሥራ ተቀነሰ፤ ድርሻውን ተወ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም «ይቅርብን» አሉ። የአሥር ሰው ወጪ በሰባት ሰው ላይ ወደቀ። ፈረሱ ደግሞ መጋለብ ጣመው! በተወዳደረ ቁጥር ኩርባው ላይ ሲደርስ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል፣ ከዚያ ይፈናጠራል፣ ይባረራል። አሠልጣኟ «ይሄ ፈረስ ሐሳቡን ቀይሯል» አለችን።

ስብሰባ ተቀመጥን። ሰባት ሰው፣ አንድ ቴርሞስ። አስተማሪዋ አለቀሰች። በመጨረሻ ቶልሙድን ልጆች ፈረስ መጋለብ ለሚማሩበት ትምህርት ቤት ሸጥነው። እዚያ ጋሎፕ ይፈቀዳል፤ ይበረታታልም። የተሸጠበት ገንዘብ የቀረውን የጋጣ ኪራይ ከፍሎ አበቃ። ለእኔ የደረሰኝ አንድ አሥረኛ... አይ፣ ያን ጊዜ አንድ ሰባተኛ ሆኗል... ከባዶ ባዶ ነው።

ፈረሱ የሄደ ቀን ኦድቫር ጋጣው ውስጥ ዘገየ። ሄጄ አየሁት። ባዶውን ክፍል እየጠረገ ነው። የሚጠረግ ነገር አልነበረም።

«ኦድቫር» አልኩት፣ «በሠላሳ ዓመት ስንት አሸነፍክ?»

አሰበ። «አንድ ጊዜ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ ሁለተኛ።»

«ስንት አወጣህ?»

«ቆጥሬ አላውቅም። ሚስቴ ነበረች የምትቆጥረው። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።»

 መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«ቅዳሜ ስመጣ ሰዎች አሉ» አለ። «ቡና አለ። ስለ ኮቴ እናወራለን። ከዚህ ሌላ ቅዳሜ የማወራበት ቦታ የለኝም። ለዚያ ነው የምከፍለው፣ ሰይድ። ለፈረሱ አይደለም።»

ሀያት ተምር ደርድራ ያስረዳችኝ ኢንዱስትሪ በሙሉ ያን ሰዓት ነው የገባኝ። የጎደለውን በየወሩ የሚሞላው ሰው ለምን እንደሚሞላው አላወቀችም ነበር። የኔ ልጅ መጽሐፍ ላይ አላገኘችውም። ይሄ አገር የሚያወራው ሰው ፈልጎ ፈረስ የሚገዛ ሰው አገር ነው! እኛ ጋ ጎረቤት ቤት ሳያንኳኩ ይገባል፣ በነፃ ነው፣ ጫማም አይመታለትም።

«ቅዳሜ እኛ ቤት ና» አልኩት። «ምሳ እንብላ።»

«ስንት ነው የእኔ ድርሻ?» አለኝ።

የምሩን ነበር! «ኸረ እንግዳ ድርሻ የለውም!» ብዬ ተቆጣሁት።

ቅዳሜ በተባለው ሰዓት፣ አንዲት ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ በራችንን አንኳኳ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ዘሀራ ከሜዳው ዕዳ ለመውጣት ቆርጣ ስለነበር ሳምቡሳ፣ ሩዝ በሥጋ፣ አልጫ፣ ምኑ ቅጡ! ኦድቫር የመጀመሪያውን ሰሃን ጨረሰና «ታክ» አለ። ስለበላሁት አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ዘሀራ ግን ድስቱን ይዛ ቆማ ስለነበር «እሺ፣ ጨምሪልኝ» ያለ መስሏት ሞላችው። የሞሉለትን ሰሃን መተው ነውር ነው ብሎ ጨረሰና «ታክ» አለ። ሞላችው! ሦስተኛውን ሲጨርስ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። «ታክ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ይኸው እንዲህ ብለን አራት ወር ሆነን። ኦድቫር በየቅዳሜው ይመጣል።

«ይሄ ሰውዬ አንጀቱ ባዶ ነው» ትለኛለች ዘሀራ በሩን ከኋላው ስትዘጋ። «የሚበስልለት አጥቶ ነው እንጂ እንዲህ አይበላም ነበር። ለሚቀጥለው ትልቁን ድስት ነው የምጥደው።»

ሰኞ ጋራዥ ስንገናኝ ደግሞ ኦድቫር ሆዱን ይዞ ግራ ቀኝ ያይና ወደ ጆሮዬ ይጠጋል። «ሰይድ፣ ደግ ሚስት ነው ያለችህ... ግን መሙላቷን የምታቆመው ምን ሲሏት ነው?»

እኔ የሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብተረጉም ሁለቱም ይገላገላሉ።

አልተረጎምኩም። ብተረጉምላቸው ሁለቱ ተፋፍረው ቅዳሜ ይቀርብናላ!